አበበ በሶ በላ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት

እናቴ ሌሊት ከደወለች ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ሰው ሞቷል፣ ወይ ቴሌቪዥኑ ላይ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። ኮምፒውተር የተማረ ልጅ ያላት እናት ለሁለቱም እኩል ነው የምትደነግጠው። መስከረም 1 ቀን 2018 ዓ.ም ገና ሳይነጋ ስትደውል ግን ድምፅዋ የቴሌቪዥን አልነበረም።

«ልጄ፣ ደህና ነህ?»

«ተኝቼ ነበር እማዬ። ምነው?»

«አበበ ማነው?»

«የቱ አበበ?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ከመሥሪያ ቤታችሁ ነው የላኩልኝ። አበበ በሶ በላ ይላል፣ ሌላ ምንም የለውም። በሶው ምን ነበረበት?»

መርዶ የሚነገረው በዚህ ሰዓት ነው። እናቴ ደግሞ ደብረ ብርሃን ተወልዳ ደብረ ብርሃን ያረጀች ሴት ናት፤ ጎህ ሳይቀድ የመጣ ወሬ ምን እንደሆነ ማንም አያስረዳትም። «በሶ ደረቅ ነው፣ አንቆት ይሆናል» ብላ ነጠላዋን ለማዘቅዘቅ ጥቂት ነበር የቀራት።

እኔ ግን ካልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። አበበን አውቀዋለሁ። አበበን የላክሁት እኔ ነኝ።

የምሠራበት ድርጅት ለቁጠባና ብድር ማኅበራት ሶፍትዌር ይሠራል። ከመቶ ትንሽ ከፍ የምንል ሠራተኞች ነን፤ መካከለኛ የሚባለው መሆኑ ነው። ስገባ 12 ነበርን። ያኔ አንድ ነገር ሲበላሽ ያበላሸው ሰው ከወንበርህ ሳትነሳ ይታይህ ነበር፤ ፊቱ ይናገራል። ትልልቆቹ ዘንድ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የሚጫነው ሰው ተቀጥሮለታል ይባላል። እኛ መሀል ላይ ነን። ደንቡ ተጽፏል፣ ደንቡን የሚያስፈጽመው ሰው ገና አልተቀጠረም። ለምሳሌ ለደንበኛ የሚላክ አጭር መልእክት በሁለት ሰው መጽደቅ አለበት። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጳጉሜን 1 እረፍት ወጥቷል፤ ሲወጣ የይለፍ ቃሉን በቢጫ ወረቀት ጽፎ ስክሪኔ ላይ ለጥፎልኛል። ስለዚህ እኔው ጽፌ፣ እኔው አጽድቄ፣ እሱን ሆኜ ደግሞ አጸድቀዋለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም ራሴን ውድቅ አድርጌዋለሁ፤ ከዚያ ቅር አለኝና መልሼ አጸደቅሁት።

ለበዓሉ የሚላከው መልእክት ራሱ ሦስት ስብሰባ ፈጅቷል። ለማያውቅ ሰው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ አጭር መልእክት እስከ 160 ፊደል ድረስ በአንድ ሂሳብ ይሄዳል። በአማርኛ ከሆነ 70 ላይ ያበቃል። 71ኛዋን ፊደል ከጨመርክ ለሁለት ተከፍሎ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል፤ 40 ሺህ ደንበኛ ላለው ድርጅት ይህች አንዲት ፊደል ቀላል ገንዘብ አይደለችም። የመጀመሪያው ረቂቅ «ክቡራን ደንበኞቻችን፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም አዲስ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ! መልካም በዓል።» የሚል ነበር። ከነክፍት ቦታው 59። ቆንጆ። ሥራ አስኪያጃችን ግን «ምርቃት የለውም» አለ። ምርቃት ሲጨመር 90 አለፈ። የገበያ ክፍሏ ልጅ «ክቡራንን እናውጣ» አለች። ሥራ አስኪያጁ «ደንበኛው ክብሩን ተነጥቆ ምርቃት ምን ያደርግለታል?» አለ። አንድ ሰዓት ከሩብ ተከራክረን በ59ኙ ተለያየን። ረቂቆቹ ሁሉ ሲስተሙ ውስጥ ተቀምጠዋል፦ «እንቁጣጣሽ»፣ «እንቁጣጣሽ የመጨረሻ»፣ «እንቁጣጣሽ የመጨረሻ 2»፣ «እንቁጣጣሽ የምር የመጨረሻ»።

ከእነሱ ሁሉ በላይ ደግሞ «ሙከራ» የሚል አለ። ዝርዝሩ በሀሁ ተራ ስለሆነ መ ከእ ይቀድማል። የአማርኛው ፊደል በደንበኛው ስልክ ላይ መነበቡን የምናየው በዚህ ነው። ፈረንጅ ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚጽፈው «ሄሎ ወርልድ» ነው፤ እኔ የምጽፈው ፊደል ስቆጥር የተማርኳትን ናት። ስልኩ ፊደሉን ከሌለው አበበ ባዶ ሳጥን በላ። ካለው በሶውን በላ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስንት ስልክ መርምራልኛለች።

ወደ ዋዜማው ልመለስ። ጳጉሜን 4 የህዳሴ ግድብ የተመረቀ ዕለት ቢሮው ሙሉ ስክሪን ላይ ተሰክቶ ስለዋለ ሥራው ሁሉ ወደ ጳጉሜን 5 ተገፋ። ጳጉሜን 5 ደግሞ ዋዜማ ነው፤ ማን ይሠራል? ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ሁሉም ቄጤማው ጋ ተሰብስቧል። ቡና የምታፈላልን እትዬ የኤሌክትሪክ ምድጃውን ሰክታለች፣ አንዱ ፈንዲሻ የሚያፈነዳበት ሌላ ምድጃ አምጥቷል፣ ሂዩማን ሪሶርሶች ደግሞ ውኃ ማፍያ ጨመሩበት። እኔ ብቻ ጥግ ላይ ኮምፒውተሬ ፊት ተቀምጫለሁ። «የምር የመጨረሻ»ን መረጥሁ። ሰዓቱ ላይ ደረስሁ። የገበያ ክፍሏ ልጅ «ጠዋት 2 ሰዓት ይሂድ» ብላኛለች። የሲስተሙ ሰዓት የግሪንዊች ነው፤ ጠዋት 2 በፈረንጅ 8፣ ከ8 ላይ 3 ሲቀነስ 5። ይህን ሒሳብ በቀን አምስት ጊዜ እሠራለሁ፣ በእንቅልፌም እሠራዋለሁ። መጀመሪያ እንዳልረሳው ብዬ የተባልሁትን 2 ጻፍኩ፣ ከዚያ ላስተካክለው ስል መብራቱ ድርግም አለ።

ግድቡ በተመረቀ ማግስት! ወዲያው ሁሉም ሳቀ። ለፍትሕ ያህል መናገር ያለብኝ ግን ጥፋቱ የግድቡ አይደለም። ሁለት ምድጃና አንድ ውኃ ማፍያ ባንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው የፎቃችን ብሬከር ወድቆ ነው።

ላፕቶፔ 6 በመቶ ቀርቶታል። ዋይፋይ የለም። የስልኬን ኢንተርኔት ከፍቼ ተገናኘሁ፤ ገጹ እንደ አዲስ ተጫነ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ገጹ ሲታደስ ሰዓቱን አልረሳም፣ የመረጥሁትን መልእክት ግን ረሳ። ምንም ካልተመረጠ ደግሞ የዝርዝሩን የመጀመሪያ ይይዛል። (ይህን ያደረገ ፕሮግራመር ማን ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።) እኔ ማንበብ ትቼ ባትሪው ላይ አፍጥጫለሁ፤ 5 በመቶ፣ 4 በመቶ። አጸደቅሁ። በቢጫው ወረቀት ገባሁ፣ ደግሜ አጸደቅሁ። ስክሪኑ «ተሳክቷል» አለና ጠፋ። ሄጄ ፈንዲሻ በላሁ።

በግሪንዊች 2 ሰዓት ማለት እኛ ጋ ከሌሊቱ 11 ነው።

እናቴን አረጋግቼ፣ አበበ በሕይወት እንዳለ ምዬ ተገዝቼ ኮምፒውተሩን ስከፍተው 40 ሺው መልእክት ደርሷል። ወደ ኋላ የሚመለስ ነገር የለም። መልስ ግን መምጣት ጀምሯል። ብዙው ሰው ባጭሩ «ጫላ ጩቤ ጨበጠ» ብሎ ነው የመለሰው፤ ያስተማሯቸው መምህራን እጃቸው ይባረክ። አንዱ «መልሴን ልኬያለሁ፣ ሽልማቱ መቼ ይወጣል?» ይላል። አንዷ «ኧረ በአውዳመት በሶ? ዶሮ የሚገዛለት ዘመድ የለውም?» ብላለች። አንዱ ደግሞ «አበበ እኔ ነኝ። ማን ነገራችሁ?» ይላል። ይህን ሳነብ እውነቴን ነው ላብ አጠመቀኝ። የደንበኛን ምስጢር በመጠበቅ የምንታወቅ ድርጅት ነን።

12 ሰዓት ተኩል ላይ ተረኛዋ የጥሪ ማዕከል ልጅ ደወለች። በዓል ስለሆነ ብቻዋን ናት። «ወንድሜ፣ በእናትህ አበበ ምን ሆኖ ነው በለኝ፣ እኔም ለሰው ልንገር።» ሙከራ ነው በያቸው አልኳት። ትንሽ ቆይታ መልሳ ደወለች። «ሙከራ ነው ስላቸው፣ ምን ሞክሮ ነው ይሉኛል።»

1 ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አንዲት መስመር ጻፈ፦ «አበበ የትኛው ክፍል ነው?» ሰውዬው መቶ ሠራተኛ ያለው ሰው ነው፤ ሁሉንም በስም ማወቅ ካቆመ ቆይቷል፤ እውነትም የኛ ሠራተኛ መስሎት ነበር። ጥፋቴን ተናዘዝኩ። ለረጅም ጊዜ «እየጻፈ ነው» ይላል። ያን ሁሉ ጽፎ ጽፎ የላከው «ስንት ፊደል ነው?» የሚል ነው። «9» አልኩት። «ቢያንስ በአንድ ሂሳብ ሄዷል» አለ።

3 ሰዓት ላይ ትክክለኛውን ላክን፤ አሁን አምስት ሰው አንብቦት። ከመጡት መልሶች ግማሹ «አሜን፣ አበበስ?» የሚል ነው።

ሰኞ መስከረም 5 ስብሰባ ተጠራ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የሚደረገውን ምርመራ በሙያችን «ፖስት ሞርተም» ነው የምንለው፤ የሬሳ ምርመራ እንደማለት ነው፣ ስሙን ማን እንዳወጣው እንጃ። የስብሰባ ክፍሉ በር ላይ «የአበበ ፖስት ሞርተም፣ 4 ሰዓት» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እትዬ ቡና ይዛ ስትገባ ፊቷ ጠቁሯል። ስኒውን ሥራ አስኪያጁ ፊት በቀስታ አስቀመጠችና «ነፍስ ይማር፤ ወጣት ነበር?» አለች። ማንም ቶሎ አልመለሰላትም። ከእኛ ዝምታ ወጣት ነበር ብላ ተረዳች መሰለኝ፣ ከንፈሯን መጥጣ ወጣች።

«ለምን?» እያሉ አምስት ጊዜ መጠየቅ የሚባል ዘዴ አለ። ለምን ሌሊት ሄደ? ሰዓቱ ስላልተቀየረ። ለምን አልተቀየረም? መብራት ስለጠፋ። ለምን ጠፋ? ምድጃ ስለበዛ። ለምን በዛ? ፈንዲሻና ቡና ባንድ ጊዜ ስለተፈለገ። ለምን ባንድ ጊዜ? እዚህ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ይብቃን» አለ። ውሳኔው ላይ ሦስት ነጥብ ተጻፈ፤ ከሦስቱ እስካሁን የተፈጸመው ውኃ ማፍያውን ማንሳት ብቻ ነው። ቢጫው ወረቀት ስክሪኔ ላይ አለ።

አለቀ ስል የሒሳብ ክፍሏ እህታችን ጠራችኝ። ወደ ድርጅቱ የክፍያ ቁጥር በበዓሉ ሰሞን ከ11 ደንበኞች ገንዘብ ገብቷል። «ምክንያት» የሚለው ቦታ ላይ «ለአበበ ዶሮ»፣ «ለአበበ»፣ «ለአቤ መቼም ብቻውን አይደለም» እየተባለ ተጽፏል። ድምሩ 4,350 ብር። «የማን ገቢ ልበለው?» አለችኝ። ለላኪዎቹ ይመለስ ተባለ። ደወልንላቸው። አብዛኞቹ እንቢ አሉ፤ የሰጡትን መልሶ መቀበል ነውር ነው። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ «አበበ ካልተገኘ ለጫላ ስጡት፣ ጩቤውን ያስቀምጥ» አሉን።

ገቢ እንዳትለው ሽያጭ አይደለም፣ መጣል አይቻል። መዝገቡ ላይ «ተከፋይ ሒሳብ፣ አበበ» ብላ ከፈተችው። ለእኔም ጥሩ መፍትሔ መስሎኝ ረስቼው ነበር፣ መስከረም 30 የሩብ ዓመቱ ሒሳብ እስኪዘጋ። ትናንት የውስጥ ኦዲተራችን ማስታወሻ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። የአበበ ቀሪ ሒሳብ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ፣ በራሱ በአበበ ተፈርሞ፣ ከመታወቂያው ኮፒ ጋር በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ እንዲቀርብ ይላል።

ማስታወሻውን ይዤ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄድሁ። ቀና ብላም አላየችኝ።

«አንተ ነህ የምታውቀው» አለች፣ «አምጣው።»