ጌቲስበርግ ከሰባተኛ ክፍሎች ጋር

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ጉለሌ፣ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። «ሪሜምበር ዘ ታይታንስ»፤ ስለ አንድ የአሜሪካ ትምህርት ቤት የፉትቦል ቡድን ነው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገባንም ነበር። አሰልጣኙ ዴንዝል ዋሽንግተን ሲቆጣ ግን አስተርጓሚ አያስፈልግም። ጥቁርና ነጭ ተጫዋቾቹን ሌሊት ቀስቅሶ እያስሮጠ ጌቲስበርግ መቃብር ድረስ ይወስዳቸዋል፤ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሰሜኑና ደቡቡ የተዋጉበት ቦታ ነው። ጭጋጉ መሀል ቆሞ «እዚህ ሜዳ ላይ 50 ሺህ ሰው ሞቷል» ይላቸዋል። ያቺን ቦታ ስንቴ ወደኋላ አስመልሰን አየናት!

ያኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እኖራለሁ ብሎ ማን አሰበ? አሁን ታክሲ ስነዳ በፊልሙ ትምህርት ቤት ደጅ አልፋለሁ፤ ኪንግ ስትሪት ላይ ነው። በ1971 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው) የከተማዋን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ እዚያ አንድ ላይ አደረጓቸው። የፊልሙ ቡድን የወጣው ከዚያ ነው። ትምህርት ቤቱ ያኔ ቲ ሲ ዊልያምስ ይባል ነበር። የስሙ ባለቤት ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር ሲሟገት የኖረ የትምህርት ኃላፊ ነው። ስሙን ከትምህርት ቤቱ ላይ ያነሱት ገና በ2021 ነው።

እና የልጄ ክፍል ጌቲስበርግ ሊሄድ ነው፣ አብሮ የሚሄድ ወላጅ ይፈለጋል የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሳላመነታ ፈረምኩ። ልጄ ብዙም ደስ አላላትም። «አባዬ፣ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ፣ እሺ?» አለችኝ። እሺ አልኩ።

መንገዱ ሁለት ሰዓት ግድም ነው። ሌላ ሰው እየነዳ እኔ ተሳፋሪ መሆኔ ራሱ እንደ ሽርሽር ነው። ልጆቹ አውቶብሱ ውስጥ የፊልሙን መጀመሪያ አዩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሌላዋ ሐበሻ እናት ድፎ ዳቦ ይዘው መጥተዋል። መንገድ ላይ ያለችው ፍሬድሪክ ከተማ ሳንደርስ ዳቦው አለቀ።

ጌቲስበርግ ስንገባ አንድ ሸምገል ያለ አስጎብኚ አውቶብሱ ላይ ወጣ። ጥያቄ ያለው አለ ወይ ሲል እጄ ቀደመኝ። «50 ሺው ሰው የሞተው የት ጋ ነው?»

ሰውየው ሳቀ። 51 ሺህ ገደማ የሚባለው የሞተ፣ የቆሰለ፣ የተማረከና የጠፋ ተደምሮ ነው አለ፤ በሦስት ቀን ውጊያ፣ ከሁለቱም ወገን፣ ጁላይ 1863። እዚያው የሞቱት ከ7 ሺህ በላይ ናቸው። አላበቃም። የሌሊት ሩጫውም ፈጠራ ነው። ቡድኑ እውነትም ጌቲስበርግ ኮሌጅ መጥቶ ልምምድ ሠርቷል፤ የጦር ሜዳውን ግን የጎበኘው በጠራራ ፀሐይ ነው። ያ ሁሉ ጭጋግም ቢሆን የተቀረጸው ጆርጂያ ነው።

ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ይቺን 50 ሺህ ስንት ጊዜ እንዳወራሁላት ታውቃለች።

ከተማዋ ውስጥ አንድ ቀይ ጡብ ቤት አሳዩን። ጄኒ ዌድ የምትባል የ20 ዓመት ልጅ እህቷ ቤት ሆና ለወታደሮች ዳቦ ስታቦካ፣ ጥይት በር በስቶ ገብቶ ገደላት። በዚያ ሁሉ ውጊያ በቀጥታ የተገደለችው የከተማዋ ነዋሪ እሷ ብቻ ናት። «ውይ! ሊጡ እጇ ላይ እንዳለ?» አሉ ድፎ ያመጡት እናት። እስከ ምሳ ድረስ ብዙም አላወሩ።

መቃብሩ ስፍራ አንድ ልጅ ፕሬዝዳንት ሊንከን እዚያ ያደረገውን ንግግር አነበበ። 270 ቃል ገደማ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከሱ በፊት የተናገረው ሰው ሁለት ሰዓት አውርቷል። የኛ ሰርግ ላይ ማይክ የሚይዙ ሰዎች የትኛውን እንደሚከተሉ አውቃለሁ።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ቤት ነው። ሜዳው ዳር፣ ከፍ ያለው ላይ፣ ትንሽ ነጭ የእንጨት ቤት አለች። የአብርሃም ብራያን ናት። ነፃ ጥቁር ገበሬ ነበር፣ 12 ኤከር መሬት ነበረው። በሦስተኛው ቀን 12 ሺህ ያህል የደቡብ ወታደሮች ሜዳውን አቋርጠው ወደዚህ መስመር ነው የመጡት። ብራያን ግን ቀድሞ ቤተሰቡን ይዞ ሸሽቷል። ነፃ ነኝ ቢልም ዋጋ አልነበረውም፤ የደቡብ ጦር ያገኘውን ጥቁር እየያዘ ወደ ባርነት ይልክ ነበር። ሲመለስ ቤቱ በጥይት ተበሳስቷል፣ እህሉ ተረግጧል፣ ማሳው ላይ ሬሳ ተቀብሯል። ካሳ ከ1,000 ዶላር በላይ ጠየቀ። 15 ዶላር ሰጡት።

ጥሎ መሸሽ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እዚያ በር ላይ ቶሎ አያልፍም። ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች። «15 ብቻ?» አለች። «15 ብቻ» አልኳት። «ለምን ፊልሙ ውስጥ አላስገቡትም?» መልስ አልነበረኝም። ትንሽ ቆይታ እጄን ያዘችኝ፤ ጓደኞቿ እያዩ።

ስንመለስ መምህሯ ፊልሙን ካቆመበት ልታስቀጥል ስትል ልጆቹ ጮኹ። «መልሺው! መልሺው!» ልክ እንደ ጉለሌ። መለሰችው። ዴንዝል ጭጋጉ መሀል ቆመ። «50 ሺህ ሰው...» ከማለቱ አውቶብሱ ባንድ ድምፅ ተቀበለው፦

«የሞተ! የቆሰለ! የተማረከ! የጠፋ!»

ከሁሉ በላይ የምትጮኸው የኔዋ ነበረች።