መብረቅ የሚባለው ልጄ

ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ሱፐርሂሮ ሆኖ ሲጫወት ካባው የእኔ አሮጌ ሰማያዊ ሻርፕ ነው። የሱፐርሂሮ ስሙን ራሱ አወጣ፦ መብረቅ። መብረቅ አይበርም። ኃይሉ መስማት ነው። የሚያለቅስ ሰው ካለ፣ በሩ ተዘግቶም ቢሆን ይሰማል። ይህን ኃይል ከየት እንዳመጣው አልነገረኝም። ግን የታናሽ እህቱን ለቅሶ ከሁላችንም ቀድሞ የሚሰማው እሱ ነው።

መጀመሪያ ጨዋታውን ከልክዬው ነበር። ጀግና ካለ ጠላት ያስፈልጋል፤ ለጠላትነት የምትገኘው ደግሞ የ2 ዓመት እህቱ ብቻ ነበረች። ቡጢ፣ እርግጫ፣ ከዚያ ለቅሶ። ሻርፑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት። እሱ ግን ያለ ካባም መማታቱን ቀጠለ። ያኔ ነው የገባኝ። የሚመታው ሰው ነበረው፤ የሚያድነው ሰው ግን አልነበረውም።

አንድ ቀን ከሰዓት ምንጣፉ ላይ ተዘረርኩና "ድረሱልኝ! ጎርፍ ሊወስደኝ ነው!" ብዬ ጮህኩ። ለአፍታ ዝም ብሎ አየኝ። ከዚያ የሶፋውን ትራሶች አንድ በአንድ እያመጣ ድልድይ ሠራልኝ። ድልድዩ አጠረበት። እህቱን ጠርቶ "አንቺ ትራስ አቀብይ" አላት። ስትሮጥ ብታዩዋት! እጄን ይዞ ሲያሻግረኝ ፊቱ ላይ የነበረውን ቁም ነገር አልረሳውም። ከዚያ በኋላ አብረን ሕግ አወጣን፦ ካባ የለበሰ ሰው አይማታም። እኔ ሕጉን ሳነሳ ቅር ይለው ይሆናል፤ እሱ ግን ለእህቱ ሲያስተምራት ሰምቻለሁ።

ስለ ካባው አንድ ነገር ልበል። ድሮ አንገቱ ላይ እቋጥርለት ነበር። አንድ ቀን ሲሮጥ የበር እጀታ ያዘውና ወደ ኋላ ጎተተው። ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ። አሁን ቬልክሮ (ተጣብቆ የሚላቀቅ ማያያዣ) ሰፍቼበታለሁ፤ ትንሽ ሲሳብ ወዲያው ይለቃል። እባካችሁ፣ ልጅ አንገት ላይ ምንም ነገር አትቋጥሩ። ካባ እንደማያስበርም ደጋግማችሁ ንገሯቸው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የ4 እና የ6 ዓመት ልጆች አሰልቺ ሥራ ለ10 ደቂቃ እንዲሠሩ ተጠየቁ፤ ሲሰለቻቸው ወደ ጨዋታ መሄድ ይችሉ ነበር። ከሁሉም በላይ ሥራው ላይ የቆዩት እንደ ባትማን ያለ ገጸ ባሕርይ ሆነው "ባትማን በርትቶ እየሠራ ነው?" እያሉ ራሳቸውን የጠየቁት ናቸው። እኔ ይህን የሸሚዝ ቁልፍ ላይ አየሁት። ልጄ ለመቆለፍ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሸሚዙን ይወረውረው ነበር። "መብረቅ በቃኝ ይላል እንዴ?" ስለው ምላሱን ነክሶ እስከ ላይኛው ቁልፍ ደረሰ።

ትናንት ማታ መብራት ላጠፋ ስል ካባውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ።

"እማዬ፣ አሁን አንቺ ስሚ። እኔ ልተኛ።"