ሃያ አምስት ፊርማ

«ለዚህ ቦታ የሚያበቃሽ ምንድን ነው?» ሲሉኝ የምስክር ወረቀቶቼን መደርደር ጀመርኩ። የሒሳብ ዲፕሎማዬን፣ የነርስ ረዳትነት ሥልጠናዬን፣ በየዓመቱ በበጎ ፈቃድ ለሰዎች ግብር ስሞላ የማገኘውን የብቃት ማረጋገጫ ሳይቀር ጠራሁ። ጠያቂዋ ከቤቴ አራት በር አለፍ ብለው የሚኖሩ አሜሪካዊት ጡረተኛ ናቸው። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ አዳመጡኝና «ጎበዝ ነሽ። ያ ጥግ ላይ ያለው የመንገድ መብራት ከጠፋ አራት ወር ሆነው። ለማን ነው የሚደወለው?» አሉ። አላውቅም ነበር። ይህ የሆነው በፈረንጆች 2022 ለሰፈሬ ምርጫ ስወዳደር ነው፤ በዚያ ዓመት ተሸነፍኩ።

የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ከጆርጂያ አቬኑ ገባ ብሎ ነው። የተወዳደርኩትም 13 አባላት ላሉት ለከተማው ምክር ቤት ሳይሆን ከእርሱ በታች ላለው፣ ለሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን ነው። «ቀበሌ ማለት ነው» ብዬ ባስረዳ ይቀለኝ ነበር፤ ግን ቀበሌ የሚለው ቃል በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ሌላ ትዝታ ስለሚቀሰቅስ እተወዋለሁ። እነዚህ ኮሚሽኖች ከተማዋ በ1973 የራስ አስተዳደር ሕግ ስታገኝ አብረው የመጡ ናቸው። ዛሬ 46 ኮሚሽኖች፣ በእነርሱም ውስጥ 345 መቀመጫዎች አሉ። አንድ ተመራጭ 2,000 ያህል ነዋሪዎችን ይወክላል፤ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፤ የፓርቲ ስም የለበትም፤ ደመወዝም የለውም።

ሕጉ ከዕጩ የሚጠይቀውን ሳነብ «ይኸው ብቻ?» ብያለሁ። የተመዘገበ መራጭ መሆን፣ የዕጩነት ፊርማ ከማስገባት በፊት በዚያው የምርጫ ክልል 60 ቀናት መኖር፣ ሌላ የምርጫ ሥልጣን አለመያዝ፣ ከዚያም የ25 ጎረቤቶች ፊርማ። ስለ ትምህርት ደረጃ አንድም ቃል የለም። ለትልቁ ምክር ቤት እንኳ ቢሆን ዋናው ጥያቄ በከተማዋ አንድ ዓመት መኖርህ ነው። በአገራችን አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ለመቅጠር የሚወጣው ማስታወቂያ ከዚህ ይረዝማል።

በ2022 የሠራሁትን ስሕተት ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ለዓመታት ቃለ ጉባኤ ይዣለሁ፣ መዋጮ መዝግቤያለሁ፣ ለቀብር አውቶቡስ ተከራይቻለሁ። ስለዚህ «ሕዝቤ ያውቀኛል» አልኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በራሪ ወረቀት ሳድል ሁሉም አቅፎ ሳመኝ፤ ጋሼ የዕድሩ ሊቀ መንበር በስብሰባ መካከል ተነሥተው መረቁኝ። የሁሉንም ምርቃት ተቀብዬ፣ በምርጫው ማግስት የዕድሩን መዝገብ ገልጬ አድራሻ ስቆጥር፣ ከአባላቱ አብዛኞቹ ከከተማዋ ውጭ፣ ሜሪላንድ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግና ቨርጂኒያ ባለችው አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ናቸው። በእኔ የምርጫ ክልል ውስጥ የሚኖሩት አራት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩ፤ ከእነርሱም ሁለቱ ለመምረጥ አልተመዘገቡም። አድራሻውን በእጄ የጻፍኩት እኔው ነኝ። የዘመቻ ጊዜዬን በሙሉ ሊመርጡኝ በማይችሉ ሰዎች መካከል አሳለፍኩት።

ያሸነፈኝ ሰው ጠበቃ ነው፤ ጥሩ ሰው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያደረግኩት ቀላል ነገር ነው። በመጀመሪያ ለመብራቱ ወደ 311፣ ወደ ከተማዋ የአገልግሎት መጠየቂያ ስልክ፣ ደወልኩ፤ የአቤቱታ ቁጥር ሰጡኝ፤ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ለጡረተኛዋ ወሰድኩላቸው። ሦስት ጊዜ መልሼ ደወልኩ። መብራቱ በራ። በሚቀጥለው ሳምንት ከእርሳቸው ማዶ የሚኖሩት ኤል ሳልቫዶራዊ አባት መጥተው ስለ ቆሻሻ ገንዳ ጠየቁኝ። ከዚያ ትምህርት ቤቱ ለወላጆች ስብሰባ አስተርጓሚ ሲያጣ ተጠራሁ። አማርኛ በዚህች ከተማ በ2004 በወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ መሠረት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ መብቱ ግን ጠያቂ ከሌለው ወረቀት ላይ ይቀራል።

በኮሚሽኑ ወርኃዊ ስብሰባም ሁለት ዓመት ያህል ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ ያዝኩ። መጀመሪያ ላይ ሐሳብ ማቅረብ፣ መደገፍ፣ ማሻሻያ መጠየቅ የሚባለው ሥርዓት ግራ አጋብቶኝ ነበር፤ በኋላ ግን ዕድራችን ውስጥ ጋሼ ጠረጴዛ እየመቱ የሚያስከብሩት ያው ሥርዓት መሆኑ ገባኝ። የኮሚሽኑ ገንዘብ ያዥ በየሦስት ወሩ የሚያቀርበው የሒሳብ ሪፖርትም እኔ ለዕድሩ ከማወራርደው የሚከብድ አይደለም። ምስክር ወረቀት የሌለው ዕውቀቴ ይህ ነበር፤ በ2022 ለማንም አልነገርኩትም።

በ2024 እንደገና ቀረብኩ። በሐምሌ ሙቀት፣ ከሥራ መልስ፣ በር ለበር። 31 ፊርማ ሳሰባስብ በደስታ ወደ ቤቴ ገባሁ። ልጄ የክልሉን ካርታ ዘርግቶ ሲያየው የምርጫ ክልላችን ወሰን መንገዱ መሐል ላይ ያልፋል። የወዲህኛው ወገን የእኔ ነው፤ የወዲያኛው የሌላ። ዘጠኙ ፈራሚዎች ከወዲያ ነበሩ፤ 22 ቀረኝ። ለምርጫ ቦርዱ አስገብቼው ቢሆን ኖሮ ማንም ተቃውሞ ሊያስጥለኝ ይችል ነበር። በነጋታው ወጥቼ እስከ 45 አደረስኩት። የሚነሣ ሰው ካለ ምክሬ ይህ ነው፦ ከሚፈለገው እጥፍ ፊርማ ሰብስብ፤ ከዚያ በፊት ግን ካርታውን ይዘህ ሰፈርህን በእግርህ ዙረው።

በዚያው ዓመት ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማዋ የአካባቢ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲመርጡ ተፈቅዶ ነበር። ብዙ ሐበሾች ግን ፈሩ። አንዲት እናት በሩን ገርበብ አድርገው «ልጄ፣ የዜግነት ማመልከቻዬን ያበላሽብኝ ይሆን?» አሉኝ። ድምፃቸውን በጣም እፈልገው ነበር። «እማማ፣ ጠበቃዎን ሳይጠይቁ ምንም እንዳይፈርሙ» ብዬ ሄድኩ። አልፈረሙም፤ አልመረጡም። ሙያዬ ያልሆነውን ማረጋገጫ ብሰጣቸው ኖሮ ያን መቀመጫ በደስታ የምቀመጥበት አይመስለኝም።

አሸነፍኩ። ልዩነቱ መቶ ድምፅ አይሞላም።

የኮሚሽኑ ውሳኔ ምክር ነው፤ ማንንም አያዝም። ነገር ግን የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ለዚህ ምክር «ከፍተኛ ክብደት» እንዲሰጡ፣ ካልተቀበሉትም ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስረዱ ሕግ ያስገድዳቸዋል። የመጠጥ ፈቃድ፣ የግንባታ፣ የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ሁሉ በዚያ ያልፋል። ከገባሁ ጥቂት ወራት ሳይሞላ የአንድ ያገሬ ልጅ ምግብ ቤት የመጠጥ ፈቃድ ጉዳይ ቀረበ። ባለቤቱ የዕድራችን አባል ነው። ጎረቤቶች ደግሞ በግቢው የሚከፈተው ሙዚቃ እስከ እኩለ ሌሊት እንደማያስተኛቸው ይናገራሉ፤ አንዷ ሕፃን አላት። ከስብሰባው በፊት ደውሎ «እህቴ፣ አንቺ እያለሽ እኔ ምን አሳሰበኝ» አለኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ስብሰባው ሲከፈት አንድ ዕድር ውስጥ መሆናችንን ለሁሉም ተናገርኩና ድርድሩን ሌላ ኮሚሽነር እንዲመራው ጠየቅኩ። በመጨረሻ የውጪው ሙዚቃ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ እንዲዘጋ ከባለቤቱ ጋር የጽሑፍ ስምምነት ተደረገ፤ እኔም ደግፌ እጄን አነሣሁ። ፈቃዱ አልተነካበትም። እርሱ ግን «የእኛ ሰው ተመርጣ እኛኑ አሰረችን» ማለቱን ሰማሁ። ለዕድር ስብሰባ ሲመጣ መዋጮውን በሌላ ሰው እጅ ይልክልኛል፤ እኔም ደረሰኙን በዚያው ሰው እጅ እመልሳለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጡረተኛዋን በረንዳቸው ላይ አገኘኋቸው። ምርጫውን ካሸነፍኩ ወዲህ እንኳን ደስ አለሽ ብለውኝ አያውቁም። ወደ ጥጉ አመለከቱኝ። መብራቱ ይበራል፤ የዛፉ ቅርንጫፍ ግን አድጎ ሸፍኖታል።

«ይህንንስ የሚቆርጠው ማን ነው?» አሉኝ።

ስልኬን አወጣሁ።