አር. ኤ. ቢ. እና የአባት ስም

ባለፈው ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ የድሬዳዋ ሙቀት በረድ ብሎ የከዚራ ሰው በዛፎቹ ሥር መንሸራሸር ሲጀምር፣ የልጅነት ጓደኛዬ ከሐረር መጣ። በእጁ የያዘው በተማሪነታችን እየተቀባበልን ያነበብነውን የሃሪ ፖተር ስድስተኛ መጽሐፍ ነበር፤ ጠርዙ ተበልቷል፣ ጀርባውም በፕላስተር ተለጥፏል።

ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ አንድ እንቆቅልሽ ትቶልን ነበር። ሃሪ በብዙ መከራ የተገኘውን የአንገት ጌጥ ሲከፍተው አስመሳይ ሆኖ አገኘው፤ በውስጡ ያለውን ማስታወሻ የጻፈውና እውነተኛውን ከክፉው ጠንቋይ ከቮልደሞርት የሰረቀው ሰው ደግሞ «አር. ኤ. ቢ.» ብሎ ፈርሟል። ሰባተኛው መጽሐፍ በ2007 እስኪወጣ ድረስ አንባቢው ሁሉ የዚህን ሰው ማንነት ሲገምት ከረመ።

የጓደኛዬ መላምት እጅግ ቀላል ነበር። ጀጎል ውስጥ ተወልዶ ላደገ ልጅ ሦስት ስም ማለት የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው፤ ስለዚህ ስሙ በአር የሚጀምር፣ አባቱም በኤ የሚጀምር ሰው ፈለገ፤ አገኘም። የሃሪ የቅርብ ጓደኛ ሮን ነው፤ የሮን አባት አርተር ይባላል። የአያቱን ስም መጽሐፉ አልነገረንምና ቢ ለመሆኑ ማን ይከለክለዋል? በሦስተኛው መጽሐፍ ጊዜን ወደ ኋላ የሚመልስ መሣሪያ ስላለ፣ ሮን ወደ ጥንት ተመልሶ ሰርቆታል ማለት ነው። እኔም አመንኩት። እውነት ለመናገር ዛሬም ቢሆን ከሰማኋቸው መላምቶች ብዙዎቹ ከዚህ የተሻሉ አይደሉም።

መልሱ ግን በአምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ፣ ጥያቄው ከመነሣቱ በፊት ተቀምጦ ነበር። የሃሪ የክርስትና አባት ሲሪየስ ብላክ፣ ሬጉለስ የሚባል ታናሽ ወንድም እንደነበረው፣ ይህም ወንድሙ የቮልደሞርት ተከታይ ከሆነ በኋላ ፈርቶ ሊያፈገፍግ ሲል እንደተገደለ ይናገራል። በዚያው ምዕራፍ የብላክን አሮጌ ቤት ሲያጸዱ ከአንድ ቁም ሳጥን የሚያወጡት ዕቃ ይዘረዘራል፤ ሲሞላ ሁሉንም የሚያደነዝዝና የሚያስተኛ የሙዚቃ ሣጥን አለ፣ ወዲያው ደግሞ ማንም ሊከፍተው ያልቻለ ከባድ የአንገት ጌጥ ይጠቀሳል። ደራሲዋ ሮውሊንግ በሙዚቃ ሣጥኑ ስታዘናጋን ጌጡን በጥቂት ቃላት አሳልፋዋለች። እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤው ሁለት ጊዜም አልፌዋለሁ። የሰውዬው ሙሉ ስም ሬጉለስ አርክቱረስ ብላክ ነው፤ ቢ የቤተሰብ ስም እንጂ የማንም አያት ስም አልነበረም።

ከሁሉ የሚገርመኝ በትርጉም በኩል የወጣው ማስረጃ ነው። የደች ተርጓሚ ብላክ የሚለውን ስም ጥቁር ከሚለው የራሱ ቃል አውጥቶ ዝዋርትስ ብሎት ስለነበር፣ የማስታወሻው ፊርማ በደች «አር. ኤ. ዜድ.» ሆነ፤ በኖርዌይኛ ደግሞ ስቫርት ስለተባለ «አር. ኤ. ኤስ.» ተብሎ ታተመ። ቅጂዎቹን ያስተያዩ አንባቢያን ሰባተኛውን መጽሐፍ ሳይጠብቁ ነገሩን ጨረሱት። በአማርኛም ስሙን ጥቁር ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢኖር፣ ፊርማው በ«ጥ» አልቆ ጓደኛዬን ከድካሙ ያሳርፈው ነበር።

ሆኖም የቤተሰብ ስም ልማድ ባለቤቶቹንም አሳስቷል። በዚሁ በአምስተኛው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ማርክ ኢቫንስ የሚባል የ10 ዓመት ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ይጠቀሳል። የሃሪ እናት ሊሊ ኢቫንስ ስለነበረች፣ ብዙ አንባቢ ልጁን የተደበቀ ዘመድ ነው ብሎ ደመደመ፤ ሮውሊንግ ግን በ2004 ልጁ ማንም እንዳልሆነ፣ ስሙም ብዙ ሰው የሚጠራበት እንደሆነ ተናገረች። እዚህ ላይ እኛ ብልጫ ነበረን። በክፍላችን የአባታቸው ስም አህመድ የሆነ አራት ልጆች ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሁለቱን እንኳ ወንድማማች ናቸው ያለ ሰው አልነበረም። ኢቫንስ የሚለውን ስም አይተን ያለፍነው ስላላስተዋልን ሳይሆን ምንም ስላልመሰለን ነው።

ይህን ስነግረው ጓደኛዬ ሳቀና፣ «አቦ፣ እኔ ምን አጠፋሁ? እሷ ናት የአባቱን ስም የዘለለችው» አለኝ። ከዚያም የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ገልጦ አሳየኝ። በእርሳስ የተጻፈው ሊደበዝዝ ምንም አልቀረው፤ «ሮን አርተር ቢ…» ይላል፤ ከሥሩም ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል።