ከግድግዳው የራቀ ቁምሳጥን

እማዬ ከእኔ ጋር መኖር ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት። ያለን አንድ ክፍል ነው፤ ሰፊ ቢሆንም አንድ ነው። እሷ በጊዜ ትተኛለች፣ እኔ እስከ እኩለ ሌሊት መብራት አብርቼ እሠራለሁ። አንድም ቀን አላማረረችም። ብርድ ልብሱን ዓይኗ ድረስ ስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ስትተኛ ማየት ግን አላስቻለኝም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ ቁምሳጥኔን ከግድግዳው አላቅቄ ወደ ክፍሉ መሀል ጎተትኩት፤ በሮቹ ወደ እኔ፣ ጀርባው ወደ እሷ አልጋ። ሲመሽ መብራቴ ወደ እሷ አልዘለቀም። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱንም በሮች ከፍቼ ካፖርት ልሰቅል ስንጠራራ ቁምሳጥኑ ወደ እኔ ዘመም ብሎ ተመለሰ። የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። ሁለቱን ጎኖቹን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። ከወዲያ በኩል የእማዬ ድምፅ መጣ፦

«እኔም እኮ ፈርቼው ነው ሌሊት የማልይዘው።»

እማዬ ሌሊት ሌሊት ትነሣለች። ጉልበቷ ስለማይታዘዝላት በጨለማ ያገኘችውን እየተደገፈች ነው የምትሄደው፤ የአልጋውን ጠርዝ፣ ወንበሩን፣ ግድግዳውን። ለካ በመጀመሪያው ሌሊት እጇን ቁምሳጥኑ ላይ ስታሳርፍ ሲነቃነቅ ተሰምቷታል። ከዚያ ወዲህ ምንም ሳትይዝ፣ ባዶ እጇን ነበር ወደ በሩ የምትሻገረው። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት «ደስ ብሎህ ስላየሁህ ነዋ ልጄ» አለችኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም።

ከሰዓት በኋላ ሜትርና ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የቁምሳጥኑ ቁመት 2 ሜትር፣ ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከነልብሱ 80 ኪሎ ግራም ይሆናል ብዬ ገመትኩ። ክብደቱ በእኩል ቢሰራጭ መሀሉ ከወለሉ 1 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከፊቱ ጠርዝም ከጀርባውም 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ይገኛል። ስለዚህ 1 ሜትር ከ80 ከፍታ ላይ የ13 ኪሎ ያህል ግፊት መውደቅ ያስጀምረዋል። የእማዬ እጅ በሚያርፍበት 1 ሜትር ከ20 ገደማ ደግሞ 20 ኪሎ ይበቃል። የተደናቀፈ ሰው ሚዛኑን ሊጠብቅ ሲደገፍ ከዚያ በላይ ይጥላል። በሮቹ ሲከፈቱማ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ቁጥሩ ይበልጥ ይወርዳል። ግድግዳ ተደግፎ በነበረበት ጊዜ ሊወድቅ የሚችለው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። እኔ ግን መሀል ሳቆመው ሁለተኛ መውደቂያ ሰጠሁት፤ እሱም የእናቴ አልጋ ነው። ከአልጋዋ የሚለየው 1 ሜትር ብቻ፣ ቁመቱ ደግሞ 2። ይህን ጽፌ ስጨርስ እርሳሱን አስቀምጬ ሄጄ አልጋዋን ገፋሁት።

መፍትሔው ከእሷው ጓዝ ተገኘ። ስትመጣ የራሷን ቁምሳጥን አምጥታ ነበር፤ መጠኑ ከእኔው ብዙም አይለይም፣ ማዶ ግድግዳ ላይ ቆሟል። ሐሙስ የመጣው አናጺ አይቶት «ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ እናያይዛቸው» አለ። ጥልቀቱ 120 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ክብደቱም እጥፍ ስለሚሆን፣ ለመጣል የሚያስፈልገው ግፊት ከ13 ኪሎ ወደ 53 ይወጣል፤ አራት እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን ሂሳብ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፣ ቁጥሩን ማየት ስለሚያሳርፈኝ።

ብሎኖቹን ጀርባ ላይ ባለው ስስ ሰሌዳ ላይ እንድናስር አናጺው አልፈቀደም። ያ ሰሌዳ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ብሎን አይይዝም፤ ሥራው ሳጥኑ ወደ ጎን እንዳይጣመም መወጠር ነው። ለማሳመር ብሎ የሚነቅለው ሰው ካለ እባክህ ተው እለዋለሁ። ያሰርናቸው ከላይና ከታች፣ በወፍራሙ እንጨት ላይ፣ በጠፍጣፋ ብረት ነው። ከዚያ የጋራ ጎናቸውን ከክፍሉ የጎን ግድግዳ ጋር አገናኝተን፣ ከላይ በኩል ሁለት ቦታ በታጠፈ ብረት አያያዝናቸው። ግድግዳዬ ድፍን ስለሆነ በትራፓኖ በስተን ፊሸር፣ ማለት ብሎኑን የሚይዘውን ፕላስቲክ፣ ከተትንበት። ግድግዳው ውስጡ ባዶ ቢሆን ኖሮ ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ፈልጎ እሱን መያዝ ግድ ነበር፤ ስስ ገበታ ላይ የተነዳ ብሎን ሲጎተት ይነቀላል።

ከማሰራችን በፊት ምንጣፉን ከሥሩ አውጥተን በውሃ ልክ አስተካከልነው። በአንዱ ጥግ ወለሉ ዝቅ ስለሚል ቀጭን ጣውላ ሸጎጥንበት። ላዩ ላይ የነበሩት ሻንጣዎች ወረዱ፤ ከባዱ ሁሉ ወደ ታችኛው መሳቢያ ገባ። ከአልጋዋ እስከ በሩ 90 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ቀርቷል፣ መስኮቱም አልተጋረደም።

አንድ ነገር ገና ይቀራል። እሁድ የእህቴ ልጅ ትመጣለች፤ አራት ዓመቷ ነው፣ መሳቢያ ለእሷ ደረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ተፈጻሚ የሆነው የልብስ ማስቀመጫዎች ደንብ መሳቢያዎቹ ተሞልተውና ተከፍተው፣ እስከ 27 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሲንጠላጠልባቸው ዕቃው እንዳይወድቅ ይጠይቃል። የእኔ ቁምሳጥን እንዲህ ተፈትኖ እንደሆነ የሚናገር ምልክት የለበትም። መሳቢያዎቹ ላይ ነገ መቆለፊያ አስገጥማለሁ።

ትናንት ሌሊት እየሠራሁ ሳለ አልጋዋ ተንቋቋ። ብዕሬን አንሥቼ አዳመጥኩ። መዳፏ በእንጨቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል፣ ቀስ እያለ። መሀል ላይ ቆመች። ተደግፋ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች፤ ከዚያ እርምጃዋ ወደ በሩ ቀጠለ።