አራተኛ ማርሽ የከለከለኝ ካምቢዮው አልነበረም

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ ከስድስት ሳምንት ጭንቀትና ከብዙ ወጪ እድን ስለነበር ነው። አውቶማቲክ መኪና ይዛችሁ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የምትኖሩ ከሆነ፣ አንድ መካኒክ «ካምቢዮው ይከፈት» ሲላችሁ እሺ ከማለታችሁ በፊት አንብቡት።

መኪናዬ የ2004 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ። የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ወደ 1,850 ይወርዳል። ያ ቁልቁለት ነው ነገሩን ሁሉ የደበቀብኝ።

ችግሩ ጥቅምት ላይ ጀመረ። ጠዋት ከደሴ ስነሳ መኪናዋ ሦስተኛ ላይ ትቀራለች። ሐረጎ ላይስ ይሁን፣ ቁልቁለት ነው፣ ከባድ ማርሽ ያስፈልጋል። ግን ኮምቦልቻ መግቢያ ሜዳው ላይ ደርሼም አራተኛ አትገባም። 80 ስነዳ የሞተሩ ዙር 2,000 አካባቢ መሆን ሲገባው ወደ 3,000 ይጠጋል። ሞተሩ ይጮኻል። ቤንዚን ትጨርሳለች። ከተማ ውስጥ ትንሽ ወዲያ ወዲህ ካልኩ በኋላ ደግሞ ምንም እንዳልነበረ አራተኛዋን ታስገባለች። ማታ ደሴ ስገባም ደህና ናት። ጠዋት ያው ነው።

አራተኛን የምታጠፋዋ የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ተነክታ እንደሆነ አየሁ። አልተነካችም። ዳሽቦርዱ ላይ የበራ መብራት የለም።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ጋራዥ ወሰድኳት።

የጋራዡ ስም ይቅር። ዋናው መካኒክ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው ላይ ብዙ መኪና ያለፈ ሰው ናቸው። ከቀትር በኋላ ነበርና አምስት ደቂቃ ነድተው «ምንም የላትም» አሉኝ። «ጋሼ፣ ጠዋት ነው እኮ የሚያደርጋት» አልኳቸው። መለኪያ ዘንጉን ስበው ዘይቱን በጣታቸው አሹትና አሸተቱት። «አብሽር ልጄ፣ የካምቢዮ ዘይቱ ሞቷል። እንቀይረው።»

እኔም አብሽር ስባል ተረጋጋሁ። አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው።

የመኪናዬ መጽሐፍ የሚለው ቲ-4 የተባለ የቶዮታ ዘይት ነው። መጽሐፉ ኪሱ ውስጥ ተቀምጧል። አላወጣሁትም። ረዳቱ ከበርሜል ቀይ ዘይት ቀድቶ አመጣ። «የምን ዘይት ነው?» ስለው «ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። አንድ አይደለም! ቀለሙ ተመሳሳይ ነው እንጂ ሥራው ይለያያል። ማርሽ ሲቀየር ውስጥ ያሉት ሳህኖች ምን ያህል ተንሸራተው እንደሚያዙ የሚወስነው ዘይቱ ነው።

ይባስ ብሎ መጠኑን የለኩት ሞተሩ ጠፍቶ፣ ዘይቱም ቀዝቅዞ ነው። የአውቶማቲክ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይለካም። መጀመሪያ ነድታችሁ ታሞቁታላችሁ። ሞተሩ እየሠራ፣ ፍሬን ረግጣችሁ፣ የማርሽ ዘንጉን በሁሉም ማርሽ አሳልፋችሁ ፒ ላይ ትመልሳላችሁ። ከዚያ ነው መለኪያው የሚሳበው። በእነሱ አለካክ መጠኑ ተሳሳተ። መጠኑ ልክ ያልሆነ ዘይት አረፋ ይሠራል፣ ግፊቱም ይዛባል።

በማግስቱ ጠዋት አራተኛው አሁንም የለም። አዲስ ችግር ደግሞ መጣ። ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ስትቀይር ትመታለች። ሐረጎ ኩርባ ላይ ስትመታ ልቤ ወረደ። ተመልሼ ስሄድ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቃ፣ ካምቢዮው ይከፈት። ካልሆነም ሌላ ይፈለግ።» ራሳቸው ያመጡትን ምታት ለካምቢዮው ሞት ማስረጃ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው የተናደድኩት።

አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ምክር አመጣ። በእጅ የሚያዝ ቲውነር ያለው ልጅ አውቃለሁ፣ የመኪናዋን ኮምፒውተር ፕሮግራም ቀይሮ ማርሹን ቶሎ ያስገባታል አለኝ። ቲውነር እውነተኛ ዕቃ ነው። በተለይ ለአንዳንድ የአሜሪካ ፒክ አፖች ተሠርቶ ማርሽ የሚቀየርበትን ፍጥነትና ግፊት ይለውጣል። ግን ችግሩ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ፕሮግራም መለወጥ በሽታውን መሸፈን ነው። እምቢ አልኩ። በዚህ ሁሉ ውስጥ በትክክል የወሰንኩት ይህን ብቻ ነው።

የመኪናን ኮምፒውተር የምታነብ ስካነር ገዛሁ። ትንሿን፣ መረጃን በቀጥታ የምታሳየውን። መሪው ሥር ባለው ሶኬት ሰካኋት። የብልሽት ኮድ የለም አለችኝ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይነቅላታል። አትንቀሉ። ኮድ የሚመጣው ኮምፒውተሩ ብልሽት ነው ብሎ ሲያምን ነው። የእኔ ኮምፒውተር ግን ሥራውን በትክክል እየሠራ ነበር።

የሞተር ውሃ ሙቀት፣ ፍጥነት፣ የሞተር ዙር። ሦስቱን መርጬ ታናሽ ወንድሜን አጠገቤ አስቀመጥኩ። እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ያነብልኛል። ደሴን ስንለቅ ሙቀቱ 66 ዲግሪ ነበር። ሐረጎን ስንጀምር 61። እግሬን ከቤንዚን ላይ አንስቼ ስወርድ 57፣ 54፣ 52። «ወንድምዓለም፣ ይሄ ሞተር እየቀዘቀዘ ነው እንዴ?» አለኝ። ሜዳው ላይ ሦስተኛ ላይ እንደጮኸች ሄድን። 55። 57። 58 ሲል ዙሩ ድንገት ወረደ። አራተኛ ገባች።

መኪናዋን ዳር ይዤ ቆምኩ። የቶዮታ ኮምፒውተር ሞተሩ ሳይሞቅ አራተኛ ማርሽ አይፈቅድም። ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ነው። የጤነኛ ሞተር ውሃ ደግሞ 80 ዲግሪን አልፎ መቆየት አለበት። ያን የሚጠብቀው ቴርሞስታት ነው፤ ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የምትዘጋ ትንሽ በር ናት። ያኔ ነሐሴ ትዝ አለኝ።

ነሐሴ ላይ ሐረጎን ስወጣ ውሃ ፈልቶብኝ ነበር። ያው ጋራዥ ነው ያየው። «ቴርሞስታቷን አውጥቼልሃለሁ፣ እኛ አገር አታስፈልግም» ብለውኝ አመስግኜ ሄድኩ። ከዚያ ወዲህ የሙቀት መርፌዋ ዝቅ ብላ ነበር። እኔ ደግሞ አሪፍ ቀዘቀዘች ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ተመለስኩ። አልጮኽኩም። «ጋሼ፣ ቴርሞስታቴን እፈልጋለሁ» አልኳቸው። ከጠረጴዛው ሥር የወተት ዱቄት ጣሳ አወጡ። ሙሉውን ቴርሞስታት ነው። የስንት ሰው መኪና እንደሆነ እንጃ። የእኔን ለይተው ሰጡኝ። የምትከፈትበት ዲግሪ፣ 82 የሚል፣ ተቀርጾባታል።

ማታ እናቴ ቤት በአሮጌ ድስት ውሃ ጥጄ ጣልኳት። ቴርሞሜትር የለኝም። ግን ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ከመፍላቱ ትንሽ ቀድማ መከፈት አለባት። ድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋ ሲያቆጠቁጥ ቢጫዋ ሳህን ፀጉር የምታህል ክፍተት ሠራች። ቀስ ብላ ተነሳች። ከውሃው ሳወጣት መልሳ ገጠመች።

ደህና ነበረች። መጀመሪያውኑም ደህና ነበረች።

ታዲያ ነሐሴ ላይ ያፈላው ምንድን ነው? የራዲያተሩ ክዳን። ጎማዋ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ውሃው ከ92 በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ግፊት የምትይዘው እሷ ናት። እንዲህ ከፍታ ላይ ክዳን ካልያዘ አቀበት ላይ መፍላቱ አይቀርም። ዋጋዋን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ።

ክዳን ቀየርኩ። ቴርሞስታቷን በአዲስ ጎማ መለስኩ። የካምቢዮ ዘይቱን በቲ-4 ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣ ምክንያቱም በአንድ ጊዜ የሚወርደው ሦስት ሊትር ገደማ ብቻ ነው፣ ሌላው ሞተሩንና ካምቢዮውን በሚያገናኘው ኮንቨርተር ውስጥ ይቀራል። ምታቱ ከሦስተኛው በኋላ ጠፋ።

መጽሐፉ የማርሽ ችግር ካለ ወደ አከፋፋይ ውሰዱ ይላል። እኔ የምለው መጀመሪያ ስካነር ሰክታችሁ፣ ችግሩ በሚታይበት ሰዓትና መንገድ ራሳችሁ ንዱ ነው። «ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚላችሁ መካኒክ ደግሞ መኪናችሁን አይንካ።

ትናንት ጠዋት ሐረጎን ስወርድ ስካነሯ እንደተሰካች ነበር። ታችኛው ኩርባ ላይ 81 ትላለች። ሜዳው እንደጀመረ አራተኛ ገባች።