ጣና ላይ ሞተሩ ኃይል ሲያንሰው

ጣናን በትንሽ አውሮፕላን የሚያቋርጥ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ሒሳብ መሥራት አለበት። የሐይቁ የውኃ ገጽ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ነው። በጫማ ወደ 5,860 ይጠጋል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለንን ከፍታ የሚያነበው አልቲሜትር 8,000 ጫማ ሲያሳይ በጣም ከፍ ያልን ይመስለናል። ከውኃው በላይ ያለን ግን 2,100 ጫማ ብቻ ነው። ሞተሩ የጠፋበት ሴስና 172 አንድ ጫማ በወረደ ቁጥር ዘጠኝ ጫማ ያህል ወደፊት ይንሳፈፋል። ስለዚህ ከዚያ ከፍታ ስድስት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ውኃ ላይ ነው። በጊዜ ሲታሰብ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው። የሐይቁ ወርድ ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ይህን ሒሳብ ከመነሳታችን በፊት ጽፌ ጭኔ ላይ በማስረው ሰሌዳ ላይ አድርጌው ነበር። ከአምስት ኪሎ ሜትር በላይ ከጠረፍ አልርቅም ብዬም ወስኛለሁ። በኋላ ሞተሩ ሲደክም የማስበው ነገር ያነሰልኝ ለዚህ ነው።

ጊዜው ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ያለፈበት ሰሞን ነበር። ሥራችን እምቦጭን ከአየር ላይ ፎቶ ማንሳት ነው። እምቦጭ ጣና ላይ መግባቱ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከዚያ ወዲህ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከም፣ በፎገራ በኩል ያለውን ጠረፍ ሲያስጨንቀው ኖሯል። አረሙን የሚያጠኑ አንዲት ዶክተር ከጎኔ ተቀምጠዋል። ካሜራ የያዘ ወጣት ከኋላ ነበር። ጠረፉን ይዘን ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረድን ስንሠራ ቆየን። ጉማራ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበትን አልፈን አፍንጫችንን ወደ ባሕር ዳር አዞርን። ከፍታችን 8,000 ጫማ ነው። ምሥራቃዊው ዳርቻ፣ ከቆራጣ በስተ ሰሜን ያለው፣ በግራዬ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

ጠዋት ነው። አየሩ እርጥብ ነው። ለፎቶው ቀስ ብለን እንድንበር የሞተሩን ኃይል ቀንሼዋለሁ።

መጀመሪያ ያየሁት የሞተሩን ዙር የሚያሳየውን መርፌ ነው። 2,200 ላይ የነበረው ወደ 2,000 ወርዷል። እጄ ጋዙን አልነካም። ድምፁም ገና አልተለወጠም። ትንሽ ቆይቶ አውሮፕላኑ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌው 1,800 ገባ።

ያደረግኩትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው።

በመጀመሪያ ወደ መሬት ዞርኩ። ምን እንደተበላሸ ከማጣራቴ በፊት ማለት ነው። ምክንያቱን ለመፈለግ ግማሽ ደቂቃ ብናጠፋ፣ ያቺ ግማሽ ደቂቃ ወደ ውኃው የምትወስደን ከሆነ ርቀቱ አይመለስም። ዞሬ ሳበቃ አፍንጫውን አስተካክዬ ፍጥነቱን 65 ኖት ላይ አስቀመጥኩ። ይህ አውሮፕላን ያለ ሞተር ሩቅ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ነው። ሰው ሲደነግጥ ከውኃው ለመራቅ መሪውን ወደ ራሱ ይስባል። አፍንጫው ይነሳል፣ ፍጥነቱ ይሞታል፣ ክንፉም መሸከም ያቅተውና አውሮፕላኑ ይወድቃል። ውኃ ላይ ከማረፍ የሚከፋው ይህ ነው።

ቀጥሎ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቀሉበትን ክፍል) ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ሳብኩ።

እዚህ ላይ ልቆይ። ብዙ ሰው ሞቃት አገር ላይ በረዶ ሞተር ያጠፋል ሲባል አያምንም። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚኑ ወደ ተን ሲለወጥ ሙቀት ይስባል። አየሩም በጠባቡ አንገት ሲያልፍ ግፊቱ ወርዶ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ ሲደመሩ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በላይ ሊወርድ ይችላል። የማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ብዙ ሲሠራ ላብ ላብ የሚለው፣ አንዳንዴም አመዳይ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ውጭ 15 ዲግሪ ቢሆንም ውስጡ ከዜሮ በታች ይገባል። አየሩ ደረቅ ከሆነ የሚቀዘቅዝ ውኃ የለም። እርጥብ ከሆነ ግን በረዶው ቫልቩ ላይ እየተጋገረ ሞተሩን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ኃይል ሲቀነስ ቫልቩ ጠባብ ስለሚሆን ይብሳል። ክረምት ሲወጣ፣ በጠዋት፣ ሐይቅ ላይ፣ በቀነሰ ኃይል መብረር ሁሉንም በአንድ ላይ ያሟላል።

ማሞቂያው ሲከፈት በጭስ ማውጫው ዙሪያ የሞቀ አየር ወደ ካርቡሬተሩ ይገባል። በረዶው ይቀልጣል። የቀለጠው ውኃ የት ይሄዳል? በሞተሩ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ለዚህ ነው ማሞቂያውን ስስበው ሞተሩ የባሰበት። መርፌው ከ1,800ም በታች ወረደ። መንቀጥቀጡ መስተዋቱን ያንኳኳ ጀመር። በዚያች ቅጽበት እጅ ማሞቂያውን ወደነበረበት መግፋት ይፈልጋል። ነገሩን ያባባስነው ይመስለናልና። እንደተከፈተ መተው ነው ያለብን። ግማሽ መክፈትም አይረዳም፤ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ሌላው ልብ የሚባለው፣ ሞተሩ ጨርሶ ከጠፋ ጭስ ማውጫው ይበርዳል። ያኔ የሚያሞቅ ነገር የለም። ማሞቂያ የሚሠራው ቀድሞ ሲከፈት ብቻ ነው።

እስኪቀልጥ ድረስ ሌላውን አየሁ። የቤንዚኑ መምረጫ ከሁለቱም ታንክ በሚቀዳበት ቦታ ላይ ነው። የቤንዚኑንና የአየሩን መጠን የሚያመጣጥነውን ሚክስቸር ትንሽ ነካሁት። ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጡትን ሁለቱን ማግኔቶዎች በየተራ ሞከርኩ፤ ልዩነት የለም።

ዶክተሯ "ካፒቴን፣ ምን ሆነ?" አሉኝ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር።

"ሞተሩ ኃይል አንሶታል፤ ወደ መሬት እየሄድን ነው። ቀበቶዎን ያጥብቁልኝ። አንተም ወንድሜ፣ ካሜራውን ከአንገትህ አውልቀህ ወንበር ሥር አድርገው" አልኩ።

የካሜራው ማንገቻ አሳስቦኝ ነው። ውኃ ውስጥ ማንገቻ ሰውን ወንበር ላይ አስሮ ያስቀራል። ላይፍ ጃኬቱን ሁላችንም ከመነሳታችን በፊት ለብሰነዋል። ወጣቱ ይሞቃል ብሎ ነበር። ቢሞቅም ይለበሳል። በዚያች ጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ አውሮፕላኑ እየወረደ፣ ከፌስታል አውጥቶ መልበስ አይቻልም። የሚነፋው ደግሞ ከወጡ በኋላ ብቻ ነው። ውስጥ የነፋ ሰው ውኃው ሲሞላ ጣራው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ወደ በሩ ጠልቆ መውጣት አይችልም። ውኃውን ከመንካታችን በፊት በሩን ገርበብ ማድረግም አለ። ሲመታ ተጣሞ እንዳይዘጋ። የሴስና 172 ጎማ አይታጠፍም። ውኃ ሲነካ ሊይዘውና አውሮፕላኑን ወደፊት ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ አንድ እጅ በሩ እጀታ ላይ ይሁን። ተገልብጦ ላይና ታች ሲጠፋ መውጫውን የሚያሳየው ያ እጅ ነው።

ሬዲዮው የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ለባሕር ዳር ማማ "ፓን ፓን"፣ ማለትም ችግር ገጥሞኛል የሚለውን ጥሪ፣ ሦስት ጊዜ ብዬ፣ የት እንዳለሁ፣ ምን እንደገጠመኝ፣ ወዴት እንደምሄድ ነገርኩ። ሞተሩ ጨርሶ ቢጠፋ ከዚያ የሚብሰውን የድረሱልኝ ጥሪ፣ "ሜይዴይ" ነበር የምለው። ስንት ሰው እንደያዝኩና ስንት ሰዓት የሚያስኬድ ነዳጅ እንዳለኝ ጠየቁኝ። መልሼ ዝም አልኩ። እነሱም ዝም ብለው መስመሩን ለቀቁልኝ፤ ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ዳርቻው ሲቀርብ ሞተሩ ጉሮሮውን እንደጠረገ ሁሉ ድምፁ ጠራ። መርፌው ተነሳ። ማሞቂያውን ሳልዘጋ ሚክስቸሩን አሳሳሁት፣ የሞቀ አየር ስስ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛበታልና። ከፍታ ጨመርኩ። ቀጥታ በውኃው ላይ ብሄድ ማረፊያው ቅርብ ነበር። እኔ ግን ጠርዙን ይዤ፣ አባይ ከጣና የሚወጣበትን አልፌ ዞሬ ሄድኩ። ማኮብኮቢያው አናት ላይ እስክደርስም ከፍታዬን አልጣልኩም።

ስለ እምቦጩ አንድ ነገር ልጨምር። ከላይ ሲታይ ለምለም ሜዳ ነው የሚመስለው። የፎገራ የሩዝ ማሳ የቱ ጋ አልቆ እምቦጩ የቱ ጋ እንደሚጀምር በችኮላ ላይለይ ይችላል። የጨነቀው ፓይለት ለስላሳ መሬት አገኘሁ ብሎ ሊሄድበት ይችላል። ሥሩ ግን ውኃ ነው። ጎማውን ይጠልፋል፣ ከዚያ የወጣ ሰው አይዋኝበትም፣ ጀልባም ቶሎ አያልፍበትም። ውኃ ላይ ማረፍ ግድ ከሆነ እኔ የምመርጠው ንጹሕ ውኃ፣ ከዳርቻው ብዙ ሳይርቅ፣ ታንኳ ወይም የሞተር ጀልባ ከሚታይበት አጠገብ ነው። ታንኳ የያዘ ዓሣ አጥማጅ ከማንም ቀድሞ ይደርሳል። ጠዋት ጣና እንደ መስተዋት ሲረጋም መጠንቀቅ ነው። ሞገድ የሌለው ውኃ ከፍታውን አያስነብብም፣ ቀረበኝ ሲሉ ሩቅ፣ ሩቅ ነው ሲሉ ቅርብ ይሆናል። ዓይን የሚያርፍበት ዳርቻ በጎን ሲኖር ይሻላል።

ከወረድን በኋላ መካኒኩ ሞተሩን ከፍቶ አየ። ቤንዚኑን ቀድቶ ውኃ እንዳለው ፈተሸ። ሻማዎቹን አወጣ። ምንም አላገኘም። የካርቡሬተር በረዶ ማስረጃ አይተውም፣ አውሮፕላኑ ሳይቆም ቀልጦ ያልቃል። ሌላ ችግር አለመኖሩን ለማረጋገጥ ማረፊያው ላይ ደጋግመን አስነስተን ሞከርነው፤ ደህና ሠራ።

የዶክተሯ ሥራ ግን ገና አላለቀም። ከዘጌ እስከ ደቅ ደሴት ያለውንም ማየት ፈልገዋል። ከፍታችንን 10,000 ጫማ ላይ እንድናደርግና ወጣቱ ሩቅ የሚያነሳ ሌንስ እንዲያመጣ ተስማማን። ከዚያ ከፍታ 11 ኪሎ ሜትር ያህል መንሳፈፍ ስለሚቻል፣ ከዘጌ ወደ ደቅ ስንሻገር መሃሉ ላይ እንኳ አንዱ ዳርቻ ይደርሰናል። ማሞቂያውንም የዙሩ መርፌ ሳይወርድ በየጊዜው እየከፈትኩ እሞክረዋለሁ። ከደቅ በስተ ምዕራብ ያለውን ሰፊ ውኃ ግን በጀልባ እንዲሠሩት ለመንኳቸው። እሺ አሉኝ።